የጭላዳው ክራንቻ ያስተማረኝ

ደሴ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ከምድር ከጠፉ ተሳቢ እንስሳት መካከል መርዛም የነበሩት በምን እንደሚለዩ ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ስዘጋጅ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። የመርዝ ዕጢ ሥጋ ስለሆነ በስብሶ ይጠፋል፤ ጥርስ ግን ቅሪተ አካል ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ «ቦይ ያለው ጥርስ የመርዛም እንስሳ ጥርስ ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ለአብነትም እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች መርዛም ነበር ያሉትን፣ ሲኖርኒቶሳውረስ የተባለውን የቻይና ዳይኖሰር ጠቀስኩ።

በሳምንቱ አንድ የአማራ ሳይንት ልጅ ከገደል ሥር ያገኘውን የወንድ ጭላዳ የራስ ቅል በነጠላ ጠቅልሎ አመጣ። የላይኛው ክራንቻ በፊት በኩል ከሥሩ ጀምሮ ቁልቁል የሚወርድ፣ የጥፍሬን ጫፍ የሚያስገባ ቦይ አለው። «ቲቸር፣ እንግዲያው ጭላዳም መርዘኛ ነው?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ወደ ንባቤ ስመለስ ጥፋቴ ታየኝ፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ብቻ አንብቤ ቆሜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሌሎች ተመራማሪዎች እንዲህ ያለው ቦይ በብዙ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ጥርስ ላይ እንደሚገኝ፣ የሲኖርኒቶሳውረስ ጥርሶች ርዝመትም ከማቀፊያቸው ሾልከው በመውጣታቸው የተጋነነ መሆኑን አሳይተው ነበር።

ከዚያ በኋላ ከኮምቦልቻ ቆላ የተገኘ የእፉኝት ክራንቻ ለማየት ዕድል አገኘሁ። የደረቀ መርዝም ስለሚጎዳ ጓንት አድርጌ በወረንጦ ያዝኩትና፣ ከሥሩ ባለው ቀዳዳ አንድ የፈረስ ጭራ ፀጉር ቀስ ብዬ አስገባሁ፤ ፀጉሩ በጥርሱ ውስጥ አልፎ ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ስንጥቅ ብቅ አለ። የጭላዳው ቦይ ክፍት ነው፤ የእፉኝቱ ግን ዙሪያውን የተዘጋ ቱቦ ነው።

አሁን አብዝቼ የማስተምረው ከ200 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ስለኖረው፣ ዋቺቶዶን ስለተባለው ተሳቢ እንስሳ ነው። የሚታወቀው በጥርሱ ብቻ ቢሆንም፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የተገኙት ቀደምት ጥርሶቹ ክፍት የሆነ ጥልቅ ቦይ ሲኖራቸው፣ በአሪዞና የተገኙት ኋለኞቹ ቦያቸው ተዘግቶ ቱቦ ሆኗል። ጭላዳን ከእፉኝት የሚለየው ነገር፣ በአንድ የጠፋ እንስሳ ዝርያዎች መካከል ደረጃ በደረጃ ሲፈጠር ይታያል፤ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ እጅግ የሚያሳምነኝም ይኸው ነው።