የአራት ሰው መኪና

ቅዳሜ ዕለት መኪናዋን ሸጥኳት። ተሳቢ ላይ ወጥታ ስትታሰር ቆሜ አየሁ። ገመዱ የላላ መስሎኝ ሁለት ጊዜ "አጥብቁት" አልኩ፣ ልጆቹም ጠብቆ እያለ ለእኔ ሲሉ ሁለቱንም ጊዜ አጠበቁት። ከዚያ ሄደች።

ፖርሽ 944 ነበረች፣ የ1986 ስሪት (ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው፣ ከዚህ በታችም እንዲሁ)፣ አራት ሆነን የምንወዳደርባት። ስሟን ሲሰማ ሰው ሁሉ ሀብታም ያደርገኛል። አይደለሁም። 944 ከ1982 እስከ 1991 በብዛት የተመረተ መኪና ነው። ባለ አራት ሲሊንደር 2.5 ሊትር ሞተር አለው፣ የትልቁን የፖርሽ 928ን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ለሁለት የከፈሉት በለው። ሞተሩ ከፊት ካምቢዮው ከኋላ ስለሆነ ክብደቱ ግማሽ በግማሽ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ኩርባ ላይ የምትወደደውም በዚህ ነው። ፍሪሲዮን ሲቀየር የምትጠላውም በዚሁ ነው። ፍሪሲዮኑ ያለው ከፊት፣ ሥራው የሚጀመረው ከኋላ። ጭስ ማውጫው፣ ካምቢዮው፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ረጅም ቱቦ፣ ሁሉም ከቦታው ካልተነሳ እጅህ እዚያ አይደርስም። እኛ ሦስት ጊዜ ቀይረነዋል። ሦስቱንም ጊዜ ተኳርፈናል።

እኔ ያገኘኋት ሞታ ነው። የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው ቺንጋዋ ተበጥሶ ነበር። በዚህ ሞተር ላይ ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል፣ ቫልቮቹ ይጣመማሉ፣ ባለቤቱም የጥገናውን ሂሳብ ሰምቶ መኪናውን ሸራ አልብሶ ይረሳዋል። እሷንም ረስተዋት ነበር። አይጥ ወንበሩ ውስጥ ወልዷል።

ከዚያ ለውድድር ብለን ቆረጥናት። ምንጣፉ፣ የጣራው ጨርቅ፣ የኋላ ወንበር፣ ቴፑ፣ ማሞቂያው፣ ሁሉም ወጣ። ድምፅ ለማፈን ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ሬንጅ የመሰለ ነገር በመሮና በመዶሻ ስንፈቀፍቅ ሦስት ቀን ፈጀብን፣ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። በመጨረሻ ብትገለበጥ ሾፌሩን የሚጠብቅ የብረት ቱቦ ኬጅ ውስጧ ተበየደ። ከዚህ በኋላ መመለሻ የለም። ብዙ ሰው የማይገባው ይሄ ነው፤ ኬጅ ያላት መኪና የበለጠ አስተማማኝ ይመስለዋል። ሄልሜት አድርገህ፣ በቀበቶ ተጠፍረህ ከሆነ አዎ። ሄልሜት ሳታደርግ መንገድ ላይ ብትነዳት ግን ውድድር ላይ የሚያድንህ ያ ብረት በትንሽ ግጭት ራስህን ይፈነክትሃል።

እንግዲህ ለመሸጥ ስነሳ የመጀመሪያው ችግር ይሄ ሆነ። አሮጌ መኪና ወዳዱ አይፈልጋትም፣ አዲስ ስፖርት መኪና ፈላጊውም አይፈልጋትም። በመጀመሪያው ሳምንት የደወሉት በሙሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበራቸው። ኦሪጅናል ወንበሯ አለ? ቴፗስ? እነዚያ ብቅ ጥልቅ የሚሉት የፊት መብራቶቿ ይሠራሉ? አይሠሩም ወንድሜ፣ የሚያነሳቸውን ሞተር ክብደት ይቀንስልን ብለን ነቅለን ጥለነዋል። አንዱማ "ወንጀል ነው የሠራኸው" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሸራ ሥር ሆና አይጥ ስትቀልብ የት ነበርክ ማለት ነበረብኝ፣ ግን ይህ መልስ የመጣልኝ ማታ እራት ላይ ነው። ሌላው ለልጁ የመጀመሪያ መኪና ሊገዛት ፈለገ። እሱን አልሸጥልህም አልኩት።

የምሸጥበት ምክንያትም ገንዘብ አይደለም። እንዲያውም የተከማቸውን ደረሰኝ ደምሬ አላውቅም፣ ደምሬ ቢሆን አልሸጣትም ነበር፣ ወይም እዚያው አቃጥላት ነበር። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ መኪናዋ አንድ ወንበር ቢኖራትም የአራት ሰው መኪና ናት።

የረጅም ሰዓት ውድድር ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው። የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ፈጣኑ አይደለም፣ ያልቆመው ነው። ሾፌር በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይቀየራል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ጎማ ይታያል። አማተሩ ዘንድ ደግሞ ሾፌሩም ሜካኒኩም ወጥ ሠሪውም ያው አራቱ ሰዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በ2006 የተጀመረ ታዋቂ ውድድር አለ፤ የደህንነት ዕቃው ሳይቆጠር መኪናው ከ500 ዶላር እንዳይበልጥ የሚል ደንብ ይዞ ነው የተነሳው። ስሙ ራሱ፣ "ሌመንስ" (ሎሚዎች)፣ ፈረንሳይ ያለውን ትልቁን የሌማን የ24 ሰዓት ውድድር ማሾፊያ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ የማይረባ መኪና "ሎሚ" ይባላልና። የእኛም መንፈስ ያው ነበር። ሎሚያችን ትንሽ ስም ነበራት እንጂ።

ሾፌር ስንቀይር አንድ ደንብ ነበረን። የሚወጣው ቀበቶውን ራሱ አይፈታም፣ የሚገባውም ራሱ አያስርም፤ ሦስተኛ ሰው በመስኮት ጎንበስ ብሎ ይፈታል፣ ያስራል፣ ትከሻውን መታ አድርጎ "ሂድ" ይላል። ቸኩለን ቀበቶ ላይ ልንሸውድ ስንል ረጅሙ (ቁመቱን ማለቴ ነው፣ ሄልሜቱ ጣራውን እየፋቀ ነበር የሚነዳው) ሁልጊዜ የሚተርከው ታሪክ ነበረው። በ1969 ሌማን ላይ ሾፌሮቹ እንደ ልማዱ ሮጠው መኪናቸው ውስጥ ዘለው ሲገቡ፣ ቤልጂየማዊው ጃኪ ኢክስ ግን በእግሩ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ቀበቶውን አጥብቆ አሰረ፣ መጨረሻ ተነሳ። በዚያው የመጀመሪያ ዙር አንድ ሾፌር ሞተ። ከ24 ሰዓት በኋላ ውድድሩን ያሸነፈው ኢክስ ነው፣ ያውም በመቶ ምናምን ሜትር። መቶ ጊዜ ሰምተነዋል። መቶውንም ጊዜ ቀበቶውን አጠበቅን።

አንድ ሌሊት አለ ደግሞ፣ እሱን ካልጻፍኩ ይቆጨኛል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፣ የሚነዳው ረጅሙ ነው። በሬዲዮ "ሰው እያንኳኳ ነው" አለ። የቀለደ መሰለን። "ከሞተሩ ውስጥ" ሲል ሁላችንም ገባን። 944 ያለው ሰው ይህን ድምፅ በሕልሙ ይሰማዋል፣ የሁለተኛው ቢየላ (የፒስተኑ ክንድ) ብሮንዚን ነው፣ ክንዱ የሚዞርበት ስስ ብረት። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ፓምፑ አየር ይምጋል፣ ያ ብሮንዚን ዘይት ሳያገኝ ይቀራል፣ ከዚያ መንኳኳት ነው። ዘይቱ እንዳይሸሽ የሚገታ ክፍልፋይ ዘይት መያዣው ውስጥ እንበይዳለን እያልን ነበር የከረምነው። (በየድነው፣ ግን ከዚያ በኋላ። ሁልጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።)

ከተጋጨ መኪና የወጣ ትርፍ ሞተር ነበረን። ማንም "እንቀይረው" አላለም፣ ማንም "ይቅር" አላለም። ዝምተኛው ብቻ ክሪኩን ይዞ መጣና ከሥሯ ገባ። ዝናብ ጀመረ። ግንባራችን ላይ ባሰርናት መብራት እየሠራን ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩ ተነሳ፣ ውድድሩ የሚያልቀው ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ለመንዳት ስምንት ሰዓት ተኩል ጭቃ ውስጥ! ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣን። ከእኛ በታች የነበረችው መኪና ሌሊቱን ተቃጥላ ነው።

ከዚያ ሕይወት መጣ። አንዱ አገር ለቆ ሄደ። ዝምተኛው መንታ ወለደ። ረጅሙን ወገቡ ከዳው፣ በቁመቱ ስናሾፍበት የኖርነው ሁሉ ጸጸተኝ። መኪናዋ እኔ ጋ ቀረች። ለተወሰነ ጊዜ ብቻዬን የልምምድ ቀን እየወሰድኳት እነዳ ነበር። አንድ ቀን ነዳጅ ልቀዳ ፒት (መኪና የሚቆምበት የጥገና ቦታ) ገባሁ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ እጄን መሪው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ምን እየጠበቅሁ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቀበቶዬን የሚፈታልኝ ሰው ነበር የምጠብቀው። ራሴ ፈታሁት። የዚያን ቀን ማታ ለሽያጭ ፎቶዋን ማንሳት ጀመርኩ።

በትነህ ሽጣት ያሉኝ ነበሩ። ልክ ናቸው፤ ጎማና ቸርኬውን ለአንዱ፣ ካምቢዮውን ለአንዱ፣ የሳሳውን በር ሳይቀር ለአንዱ ብትሸጥ ከሙሉው መኪና የበለጠ ታወጣለህ። አንድ ቅዳሜ ጀምሬም ነበር፣ መፍቻዬን ይዤ። የኋላ መስታወቱን አወረድኩ። ሻይ ጠጣሁ። መልሼ ገጠምኩት።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለ። ስለ ወንበር አልጠየቀም። "ቀበቶው ላይ የታተመው ዓመት ስንት ነው ጋሼ?" አለኝ። በዓለም አቀፉ ደንብ የሚመሰከርላቸው የውድድር ቀበቶዎች አምስት ዓመት ነው ዕድሜያቸው፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ቢመስሉም አያስገቡህም። የእኛው አልፎበታል፣ አልፎበታል አልኩት። ቀጥሎ "የሁለተኛው ብሮንዚን መቼ ተቀየረ?" ሲል ከወንበሬ ተነሳሁ።

ሦስት ሆነው መጡ፣ አራተኛው በስልክ በቪዲዮ ነበር። ጉድለቷን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ምናልባትም ከሚገባው በላይ። ሦስተኛው ማርሽ ስትሞቅ ይፋጫል። ራዲያተሩ ውሃ አያፈስም ግን አትመኑት። ግራ በሩን ከፍ አድርጋችሁ ካልሆነ አይዘጋም። ስንት ሰዓት እንደሮጠች፣ ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ የቱ ፍሬን ሸራ ስንት ሰዓት እንደቆየ የተጻፈበትን ደብተር ሰጠኋቸው፣ ቅባት የነካው፣ አራት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ያለበት። ትንሹ ልጅ መጀመሪያ "እርስዎ" ሲለኝ ነበር፣ አብረን ሥሯ ገብተን እጁ ሲጠቁር "አንተ" አለኝ። ደስ አለኝ። ስወጣ ሁለቱ ማን መጀመሪያ እንደሚነዳ እየተጨቃጨቁ ነው፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ደግሞ "እኔ በሌለሁበት አይወሰንም!" እያለ ይጮሃል። ዋጋ ላይ ብዙም አልተከራከርኩም።

ትናንት ማታ ደወሉ። ዳሽቦርዱ ላይ በስተቀኝ፣ በቢጫ ፕላስተር "አትንኩ" ተብሎ የተጻፈበት ማብሪያ አለ፣ ምንድነው አሉኝ። እሱን ለመናገር ረስቼ ነበር። የዝምተኛው ሥራ ነው። ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ በመጀመሪያው ውድድራችን ዋዜማ ገጠመው፣ አራት ወቅት ሙሉ ማናችንም ደፍረን አልነካነውም፣ ሽቦ እንደሌለው የነገረን መንታዎቹ ሲወለዱ ነው።

"ነካችሁት እንዴ?" አልኳቸው።

"ኧረ አልነካንም!"

"ጎሽ። እንዳትነኩት።"