የትኛው ጠርዝ?

ጎንደር ውስጥ በፓቶሎጂ፣ ማለትም ከሰውነት የወጣ ናሙናን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በሽታን በመለየት ሥራ ላይ እያለሁ ካጋጠሙኝ ጉዳዮች እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው የአንዲት እናትን ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰራቸው ቀደም ብሎ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸዋል። በክትትል ላይ ሳሉ ጉበታቸው ላይ አንድ እጢ ታየ። ኬሞቴራፒ ወሰዱ፤ ከዚያም እጢው በዙሪያው ካለው ጤነኛ ጉበት ጋር ተቆርጦ ወጣ። ቀዶ ሐኪሙ በሥራው ረክቶ ነበር። ናሙናውን የመረመረው ቤተ ሙከራ የላከው ውጤት ግን «ካንሰሩ ጠርዙ ላይ ደርሷል» ይላል። ጠርዝ ማለት ተቆርጦ የወጣው ሥጋ ዳር ነው፤ የትኛው ጠርዝ እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

እንዲህ ያለ አንድ መስመር ምን እንደሚያስከትል ቤተሰቡን ያየ ያውቀዋል። ልጃቸው አዘዞ ያለችውን ቤት ለመሸጥ ደላላ አነጋግሮ ነበር፤ እናቱን ለዳግም ቀዶ ሕክምና ሊወስዳቸው ነው። «በእጢውና በጠርዙ መካከል ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ሥጋ መኖር አለበት ብለውኛል፤ የእናቴ ግን ምንም የለውም» አለኝ፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። የነገሩት ሰዎች ከባዶ አልተነሡም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ሕግ የተያዘው 1 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በእጢው ዙሪያ ይህን ያህል ጤነኛ ጉበት አብሮ መቁረጥ የማይቻልላቸው ሕሙማንም ቀዶ ሕክምናው የሚከለከሉበት ጊዜ ነበር። ይህ ሕግ ስንት ሰው ዕድሉን እንዳሳጣ ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ ከአንጀት ወደ ጉበት የዘለቀ ካንሰር በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን 557 ሕሙማን የያዘ ጥናት ነገሩን በደንብ አጥርቶታል። ቢላዋ ባለፈበት ጠርዝ ላይ ካንሰር ከተገኘባቸው ውስጥ 5 ዓመት የኖሩት 17 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ጠርዛቸው ነጻ ከሆነላቸው 64 ከመቶ ገደማ ኖረዋል። ጠርዙ ነጻ እስከሆነ ድረስ ግን ስፋቱ ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ በዕድሜያቸው ላይ ልዩነት አላመጣም። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚሠሩበት ልክ 1 ሚሊ ሜትር ነው። በሌላ አነጋገር የእኚህ እናት ጉዳይ የሚወሰነው በሚሊ ሜትር ነበር፤ በሚሊ ሜትር የሚወሰን ነገር ደግሞ ከየት ወደ የት እንደተለካ ካልተነገረ ዋጋ የለውም።

ልጁ ስላይዶቹን (ለማይክሮስኮፕ በመስታወት ላይ የተዘረጉትን ስስ ቁራጮች) እና የቀረውን ሥጋ እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፎርማሊን ውስጥ በፕላስቲክ ዕቃ ይዞ መጣ። ክዳኑን ስከፍት ናሙናው ዙሪያውን በሙሉ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ያን ጊዜ ጠረጠርሁ። ከጉበት ተቆርጦ የወጣ ሥጋ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ ነው፤ አንዱ ፊቱ የራሱ ቅርፊት፣ ሌላው ቢላዋ ያለፈበት ነው። የጉበት ቅርፊት ስስና ለስላሳ ሽፋን ነው። ካንሰሩ እዚያ ቢደርስ ከሽፋኑ ወዲያ በሰውየው ውስጥ የቀረ ጉበት ስለሌለ ያ ቦታ የቀዶ ሕክምና ጠርዝ አይባልም። ጠርዙ እንዲታወቅ ቀለም የሚቀባውም ቢላዋ ያለፈበት ሻካራው ፊት ብቻ መሆን ነበረበት፤ ሁሉም ከተቀባ ማይክሮስኮፕ ሥር ሁለቱን ለመለየት አስቸጋሪ ይሆናል።

ሥጋውን በውኃ አጥቤ በመብራት አገላበጥሁት። እጢው ለስላሳውን ሽፋን ወደ ውስጥ ስቦ ትንሽ ጎድጓዳ ሠርቷል፤ ከአንጀት ወደ ጉበት የዘለቀ ካንሰር ወደ ላይ ሲጠጋ ብዙ ጊዜ የሚተወው ምልክት ነው። «ጠርዝ» ተብሎ የተነበበው ስላይድ የተወሰደው ከዚያው ነበር። ሻካራውን ፊት የሚያሳይ አንድም ስላይድ አልነበረም። ከባልደረባዬ ጋር ሆነን እጢው ለሻካራው ፊት በጣም ከሚቀርብበት ቦታ አዳዲስ ቁራጮች ወሰድን። በማግስቱ ስላይዶቹ ሲደርሱ ሁለታችንም ለየብቻ ለካን። በእጢውና ቢላዋ ባለፈበት ጠርዝ መካከል 4 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ጉበት ነበር።

ቀዶ ሐኪሙን ጠርቼ አሳየሁት። ብዙ ሳይናገር ማይክሮስኮፑ ላይ ቆየ። ከዚያ ወዲህ እሱ የሚልክልን የጉበት ናሙና ሁሉ ቢላዋ ባለፈበት ፊት ላይ ክር ታስሮበት ይመጣል። እኛም ውጤት ስንጽፍ ርቀቱን በሚሊ ሜትር፣ ፊቱንም በስሙ እንጽፋለን። የመጀመሪያውን ውጤት ለጻፈው ቤተ ሙከራም ስላይዶቹን ከማብራሪያ ጋር ላክንላቸው፤ በቅንነት ተቀበሉ።

እናትየዋ ራሳቸው የመጡት ውጤቱን ለመስማት ነው። ልጃቸው ቤቱ እንደማይሸጥ ሲነግራቸው እጁን ያዙት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እንግዲህ ተመልሶ አይመጣም ማለት ነው?»

«እማማ፣ እንዲህ ብዬ ቃል አልገባልዎትም» አልኋቸው። ጠርዙ ነጻ ቢሆንም ካንሰሩ ከግማሽ በላይ በሆኑት ሕሙማን በጉበት ወይም በሌላ የሰውነት ክፍል ዳግም እንደሚታይ፣ ቶሎ ከተደረሰበት ግን አንዳንዴ እንደገና ቆርጦ ማውጣት እንደሚቻል ነገርኋቸው። ጉበት ተቆርጦም መልሶ እንደሚያድግ ስነግራቸው ተገረሙ፤ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ በየ3 ወሩ የሚደረገውን የደም ምርመራና የሲቲ ስካኑን ቀጠሮ ልጃቸው ደብተሩ ላይ ጻፈ። የመጀመሪያውን ደም በዚያው ቀን ሰጥተው ሄዱ።