ልክ ያልሞላው ቦታ

ሰነድ አልባ ይዞታ ለክቶ ለውሳኔ ማቅረብ ወረቀት ላይ ቀላል ሥራ ይመስላል። ቦታው ደንቡ ያስቀመጠውን ዝቅተኛ ካሬ ካሟላ ካርታ ያገኛል፤ ካላሟላ ከሚፈርሱት ዝርዝር ይገባል።

ጨረቃ ቤት የበዛበት ሰፈር ስንለካ አንዲት እናት ግቢ ደረስን። ቀያሹ የሜትሩን ጫፍ ከጭቃው ግድግዳ ጥግ ያዘ፤ እኔ ወደ አጥሩ ሳብኩት። አጥር የመሰለኝ የጎረቤት ቤት ግድግዳ ነበር። ቦታው ከደንቡ ልክ ግማሽ አይሞላም፤ ካሏቸው ሁለት ክፍሎች አንዱን ደግሞ አከራይተውታል።

«እማማ፣ ሕጋዊ ቦታ ለምን አልገዙም?» አላቸው ቀያሹ።

«ልጄ፣ እናንተ ትንሽ የምትሉት ቦታ ለእኔ አቅም ትልቅ ነው። ግማሹን የሚሸጥልኝ ባገኝ እዚህ ምን አመጣኝ?»

ቢሮ ተመልሰን ልኬቱን ስናሰባስብ አብዛኛው ሰፈር እንደ እሳቸው ነው። ኃላፊያችን ባሉበት ስፋት ካርታ መስጠት «ሕገወጥን መሸለም ይሆናል» አለ። እኔ ግን እማማ ያሉትን ይዤ ተከራከርኩ። የቦታው ዝቅተኛ ስፋት፣ የመንገዱ ወርድ፣ ከወሰን የሚተወው ርቀት ሲደማመሩ ርካሹን ሕጋዊ ቤት ያስወድዱታል። መክፈል ያልቻለው እንጀራው ከተማ ውስጥ ስለሆነ ከተማውን ጥሎ አይሄድም፤ ለእርሻ ወደተከለለ መሬት ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይወጣል። ካርታ ስለሌለው ብዙ ጊዜ የውኃ መስመርም አይገባለትም።

ብራዚልን በምሳሌነት አነሳሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የመሬት ሽንሸና ሕጓ ዝቅተኛውን ቦታ 125 ካሬ ሜትር ሲያደርግ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ለሚሠሩ ማኅበራዊ ቤቶች ግን ከዚያ ማነስን ፈቅዷል። የዚያው አገር የሬሲፌ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1983 ድሃ ሰፈሮችን በልዩ ዞን ከልላ የራሳቸው መለኪያ እንዲኖራቸው መንገድ ከፈተች።

ኃላፊያችን የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ጉዳይ አነሳ። እውነቱን ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም። ስለዚህ ሁለት መተላለፊያዎች እንዲሰፉ፣ የቀሩት ቦታዎች ግን ባሉበት ስፋት ካርታ እንዲያገኙ የውሳኔ ሐሳብ ጻፍን፤ የእማማም ቦታ አለበት። ጎርፍ የሚደርስባቸው ቤቶች መነሳታቸው አይቀርም። ለእነሱ ከሥራቸው የማያርቅ ምትክ ቦታ እየፈለግን ነው፤ እስካሁን የታዩት ሁሉ ከከተማው ዳር ናቸው፤ አልተቀበልኳቸውም።