ሁለት ዓመት በጨጓራ ስም ያከምሁት የአፍ ጠረን

በ2015 ዓ.ም. ክረምት አንድ ማታ ታላቅ እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ በረካው ተጠጥቶ፣ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ እስኪወጡ ድረስ ጠብቃ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «እኔ ካልነገርሁህ ማን ይነግርሃል? አፍህ መጥፎ ጠረን አለው፤ ከጊዜ ወደ ጊዜም እየባሰበት ነው፤ ታከም» አለችኝ። የምተዳደረው እዚሁ ደሴ በልብስ ስፌት ነው። የሸሚዝ አንገትና የኮት ትከሻ ሲለካ ፊት ለፊት መቀራረብ ግድ ስለሆነ፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ባዞርሁ ቁጥር ደንበኞቼ ፊታቸውን ወደ መንገዱ የሚመልሱት ከዓይን አፋርነት ይመስለኝ ነበር። በዚያች ሌሊት እነዚያን ፊቶች ሁሉ እያስታወስሁ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

እንዴት ሳላውቀው ቀረሁ የሚለው ጥያቄ ብዙ ቢያስጨንቀኝም መልሱ ቀላል ነው። አፍንጫ ዘወትር የሚያሸተውን ነገር ስለሚለምደው፣ የአፍ ጠረን ከባለቤቱ ይልቅ ለአጠገበኛው ቀድሞ ይታወቃል። መዳፍ ላይ ተንፍሶ ማሽተትም እምብዛም አይረዳም። ከዚያ የሚሻለው የእጅን አንጓ በምላስ ልሶ፣ ምራቁ እስኪደርቅ ጥቂት ሰኮንድ ጠብቆ ማሽተት ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የማይዋሽ የቅርብ ሰው ነው።

የአፍ ጠረን ሲነሳ እኛ ዘንድ ቶሎ የሚወቀሰው ጨጓራ ነው። እኔም የመጀመሪያ እርምጃዬ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄጄ የሰገራ ምርመራ ማድረግ ነበር። የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብህ ተባልሁ፤ ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከአሲድ መቀነሻ ጋር ለ14 ቀን ታዘዘልኝና ሳላጓድል ዋጥሁት። ጠረኑ በእርግጥ ቀነሰ፤ እህቴም «ተሽሎሃል» ስትለኝ በሽታዬን ያገኘሁት መሰለኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ተመለሰ። ድጋሚ ታከምሁ፤ እንደገና ተሽሎኝ እንደገና ተመለሰ። በመካከሉ ቅርንፉድ አኘክሁ፣ ጤና አዳም ሻይ ውስጥ ጨመርሁ፣ ማስቲካ ከኪሴ አልጠፋ አለ፤ እነዚህ ሁሉ ጠረኑን ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሸፍኑታል እንጂ አያስወግዱትም። ሁለት ዓመት ያለፈው በዚህ መልኩ ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ በ2017 ዓ.ም. የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይወጋኝ ስለ ጀመር፣ ጨርቅ ለመግዛት ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ በሄድሁበት ቀን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ጎራ በማለቴ ነው። ሐኪሟ በሚሊሜትር ምልክት የተደረገበት ቀጭን ብረት በጥርሴና በድዴ መካከል እያስገባች፣ ለረዳቷ «ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት» እያለች ቁጥር ታስመዘግብ ጀመር። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬ የሚለካኝ ሰው ሲገኝ የቁጥሩን ትርጉም ለማወቅ ቸኮልሁ። ጤነኛ ድድ ከጥርሱ ጋር ያለው ክፍተት ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር እንደሆነ፣ ከ4 ጀምሮ ግን ድዱ ከጥርሱ እየለቀቀ ኪስ እንደሚፈጥር አስረዳችኝ። በዚያ ኪስ ውስጥና በምላስ የኋላ ክፍል ላይ አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች ተደብቀው የምግብን፣ የምራቅንና የሞቱ ሕዋሳትን ፕሮቲን ሲያፈርሱ ድኝ ያለባቸው ጋዞች ይወጣሉ፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ አንዱ ነው። ከአሥር ሰው በስምንቱ ወይም በዘጠኙ የመጥፎ ጠረኑ ምንጭ እዚያው አፍ ውስጥ ሲሆን፣ ጨጓራ ግን ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ካልተዋጠበት ወይም ካልተገሳ በቀር ዝግ ሆኖ ስለሚቆይ ተጠያቂ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የጨጓራውን መድኃኒት ታሪክ ስነግራት የሰጠችኝ መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ጋሼ፣ መድኃኒቱኮ ጨጓራዎን ብቻ መርጦ አልሄደም፤ በደም ዞሮ የድድዎንም ባክቴሪያ ቀንሶታል። ቆሻሻው ግን ጥርስዎ ላይ ተጋግሮ ስለቀረ ባክቴሪያዎቹ መልሰው ተባዙበት» አለችኝ። መሻሌ ራሱ ነው እንግዲህ ያሳሳተኝ፤ መድኃኒቱ ስለ ሠራ ምክንያቱንም ያገኘሁ መስሎኝ ሁለት ዓመት ሌላ ቦታ አላየሁም።

ሕክምናው በሁለት ቀጠሮ የተደረገ የጥርስ እጥበት ነበር። ከታችኛው የፊት ጥርሶቼ ጀርባ የተላቀቀውን የደረቀ ቅርፊት በመስታወት ስታሳየኝ በጣም አዘንሁ፤ ምራቅ የሚፈልቅበት ቦታ አጠገብ ስለሆነ ማዕድኑ ቶሎ የሚጠጥረው እዚያ መሆኑን ነገረችኝ። እጥበቱ ካለቀ በኋላ የደሴ የጠዋት ውሃ ለሁለት ሳምንት ያህል ጥርሴን ሲጠዘጥዘኝ ሰንብቶ ተወኝ። ክሎርሄክሲዲን የተባለ የአፍ መጉመጥመጫም ለሁለት ሳምንት ብቻ አዘዘችልኝ። ከዚያ በላይ ሲቆይ ጥርስን ያበልዛል፣ ጣዕምንም ይለውጣል፤ ቡናና ሻይ መበለዙን ያፋጥኑታል። በጥርስ ሳሙና ከፋቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆዩ ቢጉመጠመጡት ሳሙናው ኃይሉን ይቀንሰዋል፤ ይህን ሐኪሟ አጥብቃ ባትነግረኝ ኖሮ መድኃኒቱን በከንቱ እጨርሰው ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን የጥርስ ክር ነው። ሱቄ ክር በክር ስለሆነ በዚያው ልጠቀም አስቤ ነበር፤ የልብስ ክር ድድ ይቆርጣል ብላ ከለከለችኝና ከፋርማሲ ሰም የተቀባውን ገዛሁ። ክሩን በሁለቱ መሐል ጣቶች ላይ ጠምጥሞ፣ ጥርሱን እንደ ማቀፍ አጥፎ፣ ከድዱ ሥር ወደ ላይ ማንሳት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በየቦታው ይደማ ነበር፤ የቆሰለ ድድ ስለሚደማ እንጂ ክሩ ስለጎዳው አልነበረም፤ ሳላቋርጥ ስቀጥል ደሙ ቆመ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ በግራ በኩል ከታች ባሉት ሁለት የመጨረሻ መንጋጋዎች መካከል፣ ክሩ በየማታው እየተበታተነ ይበጠስ ነበር፤ ሳሸተውም ያ እህቴ የነገረችኝ ጠረን ነበረበት። ልብስ ሰፊ ይህን ያውቃል፤ ክር ያለ ምክንያት አይበታተንም፤ ወይ የመርፌው ቀዳዳ ሻክሯል፣ ወይ ክሩ የሚያልፍበት ብረት ተፍቋል። ተመልሼ ለሐኪሟ ስነግራት ራጅ አነሳችውና በሁለቱ ጥርሶች መካከል ተደብቆ የቆየ ቀዳዳ ተገኘ። ውሃ ሲነካው ይወጋኝ የነበረውም እሱ ስለነበር በዚያው ቀን አስሞላሁት።

የወይራ መፋቂያዬን አልተውሁም። በደንብ ከታኘከና ከተጠቀሙበት የጥርስን የውጭ ገጽ ያጸዳል፤ የጥርሶችን መካከልና የታችኛውን የውስጥ በኩል ግን አይደርስበትም፤ እኔም ቅርፊት የተጋገረብኝ መፋቂያዬ በማይደርስበት ቦታ ነው። ማታ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና በብሩሽ እፍቃለሁ። ምላሴን በማንኪያ ጠርዝ ከኋላ ወደ ፊት ሦስት አራት ጊዜ ሳልጫን እጠርጋለሁ፤ ማቅለሽለሹ ትንፋሽን ወደ ውጭ እያወጡ ሲጠርጉ ይቀንሳል። ሌላው ትልቅ ለውጥ ያደረግሁት በአፍ ድርቀት ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ሥራ ላይ ጫት የመያዝ ልማድ ነበረኝ፤ ጫት አፍን ያደርቃል፣ አብሮት የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ ለባክቴሪያው ቀለብ ነው። ምራቅ አፍን የሚያጥብ ውሃ ስለሆነ ሲጎድል ጠረኑ ይበረታል፤ ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ነው ሁሉም ሰው ሲነቃ አፉ የሚከብደው። ጫቱን ትቼ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ውሃ ማስቀመጥ ጀመርሁ። ረመዳን ሲሆን ከሱሁር በኋላ ጥርሴንና ምላሴን ሳላጸዳ አልተኛም።

ጥርሱና ድዱ ደህና ሆኖ ጠረኑ የማይለቀው ሰው ቶንሲሉንና ሳይነሱን ቢታይ ይገባዋል። ትንፋሹ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ የሚሸት፣ ከዚያ ጋር ውሃ የሚጠማውና ሽንት የሚያበዛ ከሆነ ግን ስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ያ ለጥርስ ሐኪም የሚተው ሳይሆን በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚኬድበት ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ሐኪሟ እንደገና ስትለካኝ አምስት የነበሩት አብዛኞቹ ሦስት ሆነዋል፣ ስድስት የነበረው አራት ደርሷል። በቀኝ በኩል አንዱ ኪስ ግን እስካሁን አምስት ላይ ነው። እህቴ ወር በገባ ቁጥር አጠገቧ አስቀምጣ ታናግረኛለች፤ ባለፈው «ምንም የለም» ብላኛለች። ያችን አንዷን ኪስ ለማሳጠብ ቀጠሮዬ ከመስከረም ገበያ በፊት ስለሆነ፣ የሠርግ ልብሶቹን ቀድሜ ሰፍቼ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ።