ሦስቴ ወድቆ በአራተኛው ያለፈ ፕሮፖዛል

ሰኞ ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ነበር። ሚኒባሱ ሐረጎ ላይ ጉም ውስጥ ይንፏቀቃል። ስልኬ ጮኸ። ኢሜይል ነው፤ ፕሮፖዛልህ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ፊቴን አይተው «ምነው ልጄ፣ ደህና?» አሉኝ። «ደህና ነው እማማ፣ የሥራ ነገር ነው» አልኳቸው። «አብሽር» አሉና ዘንቢላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ነገሩ አንድ የፓይተን (ፕሮግራም የምንጽፍበት ቋንቋ ነው) ኮንፈረንስ ላይ 25 ደቂቃ እንዳቀርብ ነው። የአህጉሩ የፓይተን ጉባኤ ፓይኮን አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 አክራ ላይ መጀመሩን ከሰማሁ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ያለ መድረክ ያምረኝ ነበር። እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ኮድ ከምንጽፈው ልጆች መካከል «እኔም ልሞክር» የሚል አይጠፋምና የሆነውን ልንገራችሁ።

የወደቁትን ሦስቱን ቶሎ ልለፋቸው። አንደኛው ሰዓት አልፎበት ቀረ። ማብቂያው 23:59 ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ይላል፤ በእኛ ከሌሊቱ 8:59 ማለት ነው። እኔ ጠዋት ተነስቼ፣ ቡና ጠጥቼ ልልክ ስል ቅጹ ተዘግቷል። («ኤኦኢ»፣ ማለትም ምድር ላይ የትም ቦታ ቀኑ እስኪያልቅ፣ የሚል ካያችሁ ደግሞ በማግስቱ ቀን 8:59 ድረስ ጊዜ አላችሁ። ያ ነው ደስ የሚለው።) ሁለተኛው ስለ ማሽን ለርኒንግ ነበር፤ የማውቀው ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን ያህል ነው። ወደቀ፣ መውደቅም ነበረበት። ሦስተኛውን ቻትጂፒቲ ጻፈልኝ። እንግሊዝኛው ሲያምር! አንዱ ገምጋሚ ግን «አንተ ራስህ የሠራኸው የቱ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። መልስ አልነበረኝም።

አራተኛው ላይ ነው ጉዱ።

ደሴ ውስጥ ላለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የዱቤ መዝገብ ሠርቼ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን አስጠሩኝ። መሐመድ የሚባል ደንበኛቸው ከክረምት ጀምሮ ቆርቆሮ በዱቤ ሲወስድ ከርሟል፤ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ዕዳ ግን የአንድ ቀን እንኳ አይሆንም። ስንፈልገው ሰውየው አራት ቦታ ተመዝግቧል፦ መሐመድ፣ መሀመድ፣ መሃመድ፣ ሙሐመድ። ጸሐፊዋ እጇ ላይ እንደመጣላት ነው የጻፈችው። ሐጂ ስክሪኑን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ይሄ ኮምፒውተርህ ሰው አያውቅም እንዴ?» አሉኝ።

ይሄን ታሪክ ቡና ላይ ስንቴ አውርቼዋለሁ። ሁሌም ያስቃል። ፕሮፖዛል ላይ ስጽፈው ግን ሞተብኝ። የመጀመሪያው ረቂቅ «ይህ ገለጻ የአማርኛ ጽሑፍን በዲጂታል ሥርዓት የማስተናገድ ተግዳሮቶችን ይዳስሳል» ዓይነት ነበር። ፕሮፖዛል ስንጽፍ ምን እንደሚነካን አላውቅም፤ ሁላችንም ማኅተም ያለው ደብዳቤ እንሆናለን። «ይዳስሳል» የሚል ቃል ካያችሁ ሰርዙት።

ሁለተኛው ረቂቅ ሌላ በሽታ ነበረበት። የማውቀውን ሁሉ ከመርኩበት። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥበት ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ዩኒኮድ ላይ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ፓይተን ውስጥ ያለው ኖርማላይዜሽንም (በተለያየ መንገድ የተጻፈን አንድ ፊደል ወደ አንድ መልክ የሚያመጣው) አያዋህዳቸውም፤ እንዲያዋህዳቸውም አይጠበቅም። ግዕዝ ላይ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ እንደማለት ነው፣ «ሰረቀ» ደግሞ ያው ሌብነት ነው። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ፊደላችንን አይቶ የማያውቅ ገምጋሚ በሦስተኛው መስመር ላይ ይተኛል። ጓደኛዬ እንኳ፣ አማርኛ አፉን የፈታው ልጅ፣ መሀል ላይ ስልኩን አወጣ።

አሥራ አንድ ጊዜ ጻፍኩት። በመጨረሻ አራቱን ስሞች ብቻ ከላይ ወደ ታች ደረደርኩና ከሥር «ለእናቱ አንድ ልጅ ነው፤ ለፓይተን አራት ሰው» የሚል ጻፍኩ። ርዕሱም «አንድ መሐመድ፣ አራት ደንበኛ» ሆነ። ሌላውን ሁሉ ከአጭር መግለጫው አውጥቼ ወደ ዝርዝሩ ወሰድኩት። በደቂቃም ከፋፈልኩት፦ 3 ለታሪኩ፣ 5 ለዩኒኮድ፣ 7 ሐንና ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ለሚመልሰው ሰንጠረዥ፣ 6 ለጥፋቴ፣ 4 ለጥያቄ።

ጥፋቴ ያልኩት ይሄ ነው። ሰንጠረዡ ሦስቱን መሐመዶች አንድ ያደርጋል። «ሙሐመድ» ግን ይቀራል፤ መ እና ሙ የድምፅ ልዩነት አላቸዋ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ አንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩትን ስሞች ሁሉ እንዲያዋህድ አደረግኩት። በሳምንቱ የአንዱ ዕዳ ምንም የማያውቅ ሌላ ሰው ላይ አረፈ። ሰውየው መደብሩ ድረስ መጥቶ ጮኸ። እውነቱን ነው። አሁን ፕሮግራሙ «ይሄ ሰው ያ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ በራሱ አያዋህድም።

ይሄን ልደብቀው ነበር። ጠበቅ አድርጌ ከያዝኩት ማን ያውቃል ብዬ። ብዙ ኮንፈረንሶች ፕሮፖዛል የሚቀበሉበት ፕሪታልክስ የተባለ ሶፍትዌር ላይ (እሱም ራሱ በፓይተን የተሠራ ነው፣ እወደዋለሁ) ለአዘጋጆቹ የሚጻፍ፣ ለሕዝብ የማይታይ የማስታወሻ ቦታ አለ። ሌሊት ላይ፣ መብራት ሄዶ በስልክ ዳታ እየሠራሁ፣ እዚያች ቦታ ላይ ተነፈስኩት። ጠዋት ደግሞ እንደገና ከፍቼ ወደ ዋናው ዝርዝር አዛወርኩት። ገምጋሚዎቹ ከሁሉም በላይ የወደዱት እሱን ነው።

ምክር ከፈለጋችሁ፣ አጭር መግለጫውን የሙያችሁ ላልሆነ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። እኔ ለእህቴ አነበብኩላት፤ ቶናው ሳይደርስ «ገባኝ፣ ከዚያስ?» አለች። ቻትጂፒቲን ለሰዋስው ብቻ ተጠቀሙበት። «ብዙ ቦታ ላክ፣ አንዱ ይይዛል» የሚለውን ምክር አልወደውም። እኔ ራሴ አራት መላኬን እያወቅኩ ነው የምናገረው።

ስላይዱን ገና አልጀመርኩም። 25 ደቂቃ ውስጥ ይህ ሁሉ እንደማይገባም አሁን ነው የታየኝ፤ የዩኒኮዱን 5 ደቂቃ ሳልቆርጥ አልቀርም።

ትናንት ታሪኩን እንድናገር ለማስፈቀድ ሐጂ ጋ ሄጄ ነበር። ሳቁ። «ተናገር፣ ስሜን ግን እንዳትጽፍ» አሉ። ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ከጻፍክም በዋናው ሐ ጻፈው።»