የቱላሪሚያን የሳንባ ሕመም ደሴ ላይ እንዴት እንዳስተማርኩ

ደሴ ላይ ለጤና ተማሪዎች ከእንስሳት ወደ ሰው ስለሚተላለፉ በሽታዎች በማስተምርበት ኮርስ ውስጥ ቱላሪሚያ የነበረው ድርሻ አንዲት አጭር አንቀጽ ነበረች። በሽታው በሰሜን አሜሪካ፣ በስካንዲኔቪያ፣ በሩሲያ፣ በቱርክና በጃፓን የሚታወቅ እንጂ ወሎ ውስጥ የምናየው ስላልሆነ፣ አንብቦ ማለፍም ይቻል ነበር። እኔ ግን ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሰጠሁት። ሳል ይዞት የመጣን ሰው ሁሉ ወይ ሳንባ ነቀርሳ ወይ የተለመደው የሳንባ ምች ነው ብሎ የመደምደም ልማዳችንን የሚፈትን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ትምህርቱን የጀመርኩት ባክቴሪያው ሳንባ ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ በሰሌዳ ላይ በመሣል ነው። ፍራንሲሴላ ቱላረንሲስ ሳንባ የሚደርሰው ወይ ከአቧራ ጋር በትንፋሽ ተስቦ፣ ወይም መዥገር ከነከሰው አለዚያም የታመመ ጥንቸል ሲገፈፍ ከተቧጨረ ቆዳ ተነሥቶ በደም በኩል ነው። በትንፋሽ ከገባ ከ10 እስከ 50 የሚሆኑ ባክቴሪያዎች ሰውን ለማሳመም ይበቃሉ። የሳንባን የአየር ከረጢቶች የሚጠብቁት ማክሮፋጅ የሚባሉት ህዋሳት ይውጡታል፤ እርሱ ግን ከተዋጠበት ሾልኮ እዚያው በህዋሱ ውስጥ ይራባል። የውጭ ሽፋኑ የሰውነትን መከላከያ እምብዛም ስለማይቀሰቅስ፣ መከላከያው ዘግይቶ በብዛት ሲደርስ የሳንባው ሥጋ እየሞተ፣ በሳንባ ሥር ያሉት ንፍፊቶች እያበጡ፣ አንዳንዴም በሳንባ ዙሪያ ውኃ እየተቋጠረ ይሄዳል። ታማሚው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን በኋላ በድንገት ያተኩሰዋል፤ ደረቅ ሳል፣ የደረት ውጋትና የትንፋሽ ማጠር ይከተላሉ።

እዚህ ላይ አንዷ ተማሪ፣ «መምህር፣ ታዲያ ከቲቢ በምን ይለያል?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ የነቀርሳ ታማሚ የነበረ ሰው የራጅ ፊልም፣ ስሙን ሸፍኜ፣ አዘጋጅቼ ነበር። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ብርሃኑን ቢያደበዝዘውም ፊልሙን በመስኮቱ ላይ አስደግፈን አየነው። ተማሪዋ በጣቷ በቀኝ በኩል ከሳንባው ሥር ያበጡትን ንፍፊቶች ተከተለች፤ ከዚያም ወደ ታች ወርዳ ሹል መሆን የነበረበት የጎድንና የድያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ) መገናኛ በውኃ ተሞልቶ መደፈኑን አሳየችን። ቱላሪሚያም እንዲህ ያለ ፊልም ሊሰጥ እንደሚችል፣ ከሳንባ ዙሪያ የተቀዳው ውኃም ሆነ በሥጋ ናሙናው ላይ የሚታየው ግራኑሎማ (የመከላከያ ህዋሳት ክምችት) ነቀርሳን ሊመስል እንደሚችል ነገርኳቸው።

ስለዚህ የሚለየው የታማሚው ታሪክ ነው። ከ1966 ወደ 1967 እ.ኤ.አ. በተሻገረው የቅዝቃዜ ወቅት በስዊድን ከ600 በላይ ሰዎች የታመሙት፣ በአብዛኛው ገበሬዎች የአይጥ ዝርያዎች የበከሉትን ድርቆሽ ሲያነሡና ሲያጓጉዙ አቧራውን ስበው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በማርታስ ቪንያርድ ደሴት ከታመሙት 15 ሰዎች 11ዱ የሳንባ ሕመም ነበረባቸው፤ አንዱ ሞቷል፤ ከሕመሙ ጋር የተያያዘውም ሣር ማጨድና ቁጥቋጦ መመንጠር ነበር። ድርቆሽና ጭድ ሲያመላልሱ ላደጉ ተማሪዎች ይህን ማስረዳት አላስቸገረኝም።

ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ታማሚ፣ ሌላው ጠያቂ እንዲሆኑ አደረግሁ። ሳልዎ አክታ አለው? ሌሊት ያልብዎታል? ክብደት ቀንሰዋል? ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ? ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ በአገራችን መቅደምም አለባቸው። ከሀይቅ ከተማ አካባቢ የመጣ አንድ ተማሪ ግን ቆም ብሎ፣ «አባባ፣ ከመታመምዎ በፊት ምን ሲሠሩ ሰነበቱ?» አለ። «ድርቆሽ ስገለብጥ፤ የሞተ አይጥም ነበረበት» ብሎ መለሰለት ጓደኛው። በዚያ አንድ መልስ የምርመራው አቅጣጫ ሲለወጥ ክፍሉ በሙሉ አየው። ከዚያ ወዲህ ይህን ልምምድ በሌሎች የሳንባ ትምህርቶችም ላይ አስገብቻለሁ፤ ተማሪዎች በሽተኛ ሲቀበሉ የሥራውን ጉዳይ በካርዱ ላይ መጻፍ እየለመዱ መጥተዋል።

ሕክምናውን ስናነሣ ብዙ የቆየነው መድኃኒት ላይ ነው። ለሳንባ ምች ቶሎ የምናዝዛቸው አሞክሲሲሊንና ሴፍትሪያክሶን ለዚህ በሽታ አይሠሩም፤ የሚሠሩት ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ናቸው። ስትሬፕቶማይሲን የነቀርሳም መድኃኒት በመሆኑ፣ ሰው በእርሱ ተሻለው ማለት ነቀርሳ ነበረበት ማለት እንዳልሆነ አስረግጬ ነገርኳቸው። ከፀረ ተህዋስያን መድኃኒቶች በፊት የሳንባ ቱላሪሚያ ከያዛቸው ሰዎች ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚደርሱት ይሞቱ ነበር፤ በአሁኑ ጊዜ በአሜሪካ በጠቅላላው በበሽታው ከሚያዙት መካከል የሚሞቱት ከ2 በመቶ በታች ናቸው።

በመጨረሻ የመተላለፉን ጉዳይ አነሣን። በሽታው ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ፣ በእኛ ዘንድ ትልቅ ቦታ ያለው የታማሚ ጥየቃ አይከለከልም። የላቦራቶሪ ባለሙያው ግን አደጋ ላይ ነው፤ ለምርመራ በማሳደጊያ ሳህን ላይ ያደገው ባክቴሪያ ብናኝ ሆኖ በትንፋሽ ይገባል፤ በሽታውን የሰየመው ኤድዋርድ ፍራንሲስ ራሱ በምርምር ላይ ሳለ ታሟል። ስለዚህ ቱላሪሚያን የጠረጠረ ሰው ናሙናው ከመላኩ በፊት ጥርጣሬውን በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ በግልጽ እንዲጽፍ፣ ስልክ ደውሎም እንዲያሳውቅ አጥብቄ አሳሰብኳቸው።