አፈሩ የቆለፈው ፎስፈረስ

አባቴ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለውን ማሳ ሲያስረክበኝ «ይህ መሬት ማዳበሪያ በልቶ አይጠግብም» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። በመጀመሪያው ክረምት ለገብሱ የተመከረውን ያህል ኤንፒኤስ፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበትን ማዳበሪያ፣ አደረግሁ፤ በሁለተኛው ጨመርሁበት። ገብሱ ሁለቱንም ዓመት ቀጨጨ፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምሮ ወይን ጠጅ መሰሉ። ፎስፈረስ ሲጠማው እንዲህ ይሆናል፤ ያውም ፎስፈረሱን በገዛ እጄ በትኜለት።

አፈሩን ሳስመረምር የኮምጣጣነቱ መለኪያ ፒኤች 4.8 ሆነ፤ ከ7 በታች በወረደ ቁጥር አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው። ቀይ አፈርና ብዙ ዝናብ ባለበት እንደኛ ባለ አገር ዝናቡ ካልሲየሙን እያጠበ ይወስደዋል፤ አፈሩ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየሙና ብረቱ ፎስፈረሱን ጨምድደው ይይዙታል። ፎስፈረሱ አለ፤ ሥሩ ግን አያገኘውም። ጎረቤቶቼ እህሉን ትተው ለከሰል የሚሆነውን የግራር ዘር ዛፍ ዲከረንስን ሲተክሉ ታዝቤያቸው ነበርና አፈርሁ።

የአፈሩን ኮምጣጣነት የሚያበርደው ኖራ ነው፤ ያገኘሁት ግን ለግማሹ ማሳ እንኳ አልበቃም። ስለዚህ ወደ ኮምፖስት ዞርሁ። የመጀመሪያው ክምር ከሸፈብኝ፤ ቸኩዬ ገለባው ሳይብላላ አፈር ውስጥ ቀበርሁት። ገለባውን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ነፍሳት ለራሳቸው ናይትሮጅኑንም ፎስፈረሱንም ተሻሙ፤ ቡቃያው ቢጫ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት እበት ጨምሬ፣ እያገላበጥሁ፣ ጠቁሮ የዝናብ አፈር እስኪሸት ታገሥሁ። ከዚያ ከነማዳበሪያው በመስመር አደረግሁት እንጂ አልበተንሁም። ፎስፈረሱ ከአፈሩ ጋር የሚነካካበት ቦታ ባነሰ ቁጥር የሚታሰረውም ያንሳል፤ ከኮምፖስቱ የሚወጡት አሲዶችም አሉሚኒየሙን ቀድመው ይይዙታል።

ለባቄላ ሕያው ማዳበሪያ፣ ከባቄላው ሥር ተጠግተው ናይትሮጅን የሚሠሩለትን ባክቴሪያዎች የያዘ ዱቄት፣ የገዛሁት በዚያው ዓመት ነው። ከረጢቱን ከገበያ ስመለስ ፀሐይ ላይ ተሸክሜው ውያለሁ፤ ዘሩንም ከኤንፒኤስ ጋር በአንድ ሳፋ ለወስሁት። ባክቴሪያዎቹን በሁለቱም መንገድ ፈጀኋቸው ማለት ነው። ከዓመት በኋላ ዘሩን ጥላ ሥር በስኳር ውኃ አርሼ፣ ዱቄቱን ለውሼ፣ ወዲያው ዘርቼ አፈር አለበስሁት። ሲያብብ ከሁለት መደብ አንዳንድ ተክል ነቀልሁ። ኮምፖስት ካልገባበት መደብ የተነቀለው ሥር ላይ ያሉት ባክቴሪያው የሚኖርባቸው እንክብሎች ጥቂትና ደቃቅ ነበሩ፤ በጥፍሬ ስሰነጥቃቸው ውስጣቸው ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው። ኮምፖስት ከገባበት የመጡት ግን እንደ ሥጋ ቀላ ያሉ ናቸው፤ ባክቴሪያው ሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳየው ይህ ቅላት ነው። ባክቴሪያው ለባቄላው ናይትሮጅን የሚሠራው እሱም ፎስፈረስ ሲያገኝ ነው፤ ፎስፈረስ የተራበ አፈር ላይ ከረጢት መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ይህን ሁሉ ስደክም አባቴ የሚያነሳው ግብጦን ብቻ ነበር። «ግብጦ ያረፈበት ገብስ ይሆናል» ይላል። አንድ ቀን ግብጦ ነቅዬ አየሁ፤ ሥሩ እዚህም እዚያም እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ተንጨፍርሯል። ከእነዚያ የተንጨፈረሩ ሥሮች የሚወጣው ሲትሪክ አሲድ አሉሚኒየምና ብረት ያሰሩትን ፎስፈረስ ይፈታል። እኛ ምሬቱ እስኪለቅ ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፈን ከአረቄ ጋር የምንቆረጥመው ግብጦ!

ዘንድሮ ገብሱን ግብጦው በነበረበት ላይ ዘርቼዋለሁ። ትናንት ጎንበስ ብዬ የታችኞቹን ቅጠሎች አየሁ፤ እስካሁን አረንጓዴ ናቸው።